«ይለፍ» ያልኩበት ወረቀት

ከዚያ ቅዳሜ በፊት «አንብቤዋለሁ» ማለት ውሸት ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሁሉም ሰው ይለዋላ! ስልካችን ላይ «እስማማለሁ» የሚለውን ስንነካ፣ የቤት ኪራይ ውል ስንፈርም፣ ሐኪም ቤት ፎርም ሲሰጡን ሁላችንም አንብበናል። እናንተም አንብባችኋል። እኔ ግን በዚህ ውሸት በሰው ፊት ተያዝኩ፤ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለ አንድ ምግብ ቤት የጓሮ ክፍል ውስጥ። የያዙኝ ሽማግሌ በእጃቸው ከአንዲት የእንጨት ማስመሪያ በቀር ምንም አልነበራቸውም።

ስሜ ሰናይት ነው። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ፓልምስ እኖራለሁ፤ ዳውንታውን አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ «መኪናዬን ቧጨራችሁት» ከሚሉ ሰዎች ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። ምላሴ ስለታም ነው፣ እንግሊዝኛዬም ደህና ነው። በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት የእድራችን የደንብ መርማሪ ኮሚቴ አባል አድርገው መረጡኝ፤ እኔም አለመመረጤን እንደ ስድብ እቆጥረው ነበርና ደስ አለኝ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

እድራችን ብቻውን የቆመ አልነበረም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አውሮፓ ያለ የእድሮች ኅብረት አባል ነበርን። ደንቡ የሚረቀቀው እዚያ ነው፤ ወደ እኛ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኢሜይል ይመጣል። ከዚያ የየከተማው ሊቀመንበር በቪዲዮ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጥበታል። ድሮ የእኛው ሊቀመንበር አቶ በላቸው እጃቸውን ያወጡና፣ ምን እንዳጸደቅን ከወራት በኋላ እንሰማለን።

ይህን ልማድ ያስቆሙት ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ጋሼ ንጉሤ ሎስ አንጀለስ ከመምጣታቸው በፊት አውሮፓ ውስጥ በአንድ አገር ፓርላማ ሠርተዋል። እንደራሴ ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከብራስልስ የሚመጣውን ሕግ ለሚመረምር ኮሚቴ ወረቀት የሚያድሉ፣ ሰነድ የሚጠብቁ ሠራተኛ ነበሩ። ዓመታት ሙሉ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ሥራውን ከእንደራሴዎቹ በላይ አወቁት። በእሳቸው አነጋገር ነገሩ እንዲህ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ እያንዳንዱ ረቂቅ ለኮሚቴው ይቀርባል። ሚኒስትሩ ደግሞ ረቂቁ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚለውጥና ማንን እንደሚነካ ማብራሪያ ጽፎ ያያይዛል። ኮሚቴው ሁለቱንም ያነባል። ቀላል ከሆነ ያሳልፈዋል። ከባድ ከሆነ ሚኒስትሩን በደብዳቤ ይጠይቃል፣ ይጠራዋል፣ ሲብስ ለክርክር ይመራዋል። ኮሚቴው እስኪለቀው ድረስ ሚኒስትሩ ብራስልስ ሄዶ «እስማማለሁ» ማለት የለበትም፤ ካለ ደግሞ ተመልሶ ለምን እንዳለ ያስረዳል።

አንድ ቀን «ታዲያ ኮሚቴው የሚኒስትሩ አለቃ ነበር በሉኛ» ብዬ አሾፍኩባቸው።

«አልነበረም» አሉኝ። «ሕጉን መጣል አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይነበብ እንዳያልፍ ማድረግ።»

እኛም ይህንኑ ቀዳን። አምስት ሆንን። እያንዳንዱ ወረቀት ለአንድ አንባቢ ይሰጣል። አንባቢው ረቂቁንና የሊቀመንበሩን ማብራሪያ አንብቦ ከሁለት ማኅተሞች አንዱን ይመታበታል፤ «ይለፍ» ወይም «ይቆይ»። ሌሎቹ ከሥር ይፈርማሉ። የአንባቢው ማኅተም ከሌለ የሌሎቹ ፊርማ ዋጋ የለውም። አንባቢው ሐሳቡን ከለወጠ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ማኅተሙን ማንሳት ይችላል። «ይቆይ» የተመታበት ወረቀት ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ እጃቸውን አያወጡም። መንደሩ ሁሉ ሳቀብን። «ፓርላማው ገባ፣ ፓርላማው ወጣ» ይሉን ነበር፤ አቶ በላቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

አሁን ስለ አቶ በላቸው ልንገራችሁ፤ ያለዚህ ያደረግኩት ነገር አይገባችሁም። ዲቪ ሲደርሰኝ አፊዳቪት፣ ማለትም «ወጪዋን እኔ እችላለሁ» የሚለውን የዋስትና ወረቀት ፈርመው የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ኤርፖርት የተቀበሉኝ፣ ኮሪያታውን አፓርታማቸው ውስጥ ሳሎን ላይ አራት ወር ያስተኙኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ መኪናቸውን የሰጡኝ እሳቸው። እናቴ እስከ ዛሬ ስትደውል ከእኔ በፊት የእሳቸውን ደህንነት ነው የምትጠይቀው። እንዲህ ላለ ሰው «ያሉት ልክ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ቤት ነውር ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ፈረንጅ አያውቀውም፤ እኔ ግን አንገቴን አስሮ ሲጎትተኝ ኖሯል።

ወረቀቱ የመጣው በአንድ ሰኞ ነው። ስልሳ አንድ ገጽ። አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። አቶ በላቸው ያያያዙት ማብራሪያ ግን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ «የአባላት መዝገብ አያያዝን ለማዘመን የወጣ ደንብ፤ የአባላትን መብት አይነካም» ይላል። ረቡዕ ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉልኝ።

«ሰናይት፣ ያ ወረቀት ፎርማሊቲ ነው። ቅዳሜ ቮት አለን፣ ሶ ቶሎ ልቀቂው። አንቺ ካሳለፍሽው ሌሎቹ ይከተሉሻል።»

እሺ አልኳቸው። ከስልኩ ማዶ ያሉት አፊዳቪቴ ናቸው፤ ምን ልበል? መስኮቱ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ መኪናው መስታወት ይጮህብኛል፤ እኔ አማርኛውን አንዷን ገጽ አነበብኩ፣ ስልሳ አንዱን ገጽ በአውራ ጣቴ ገልበጥ ገልበጥ አደረግኩና «ይለፍ» መታሁበት። ማታ ወስጄ ለሌሎቹ ሰጠሁ። ሦስቱ ፈረሙ። ጋሼ ንጉሤ ግን ወረቀቱን ተቀብለው «እስቲ ልየው» አሉና ይዘውት ሄዱ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ደወሉልኝ። ሰላምታቸው አጭር ነበር።

«አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

«በይ ነገ ጠዋት ከአሥር ሰዓት እንዳታሳልፊ» ብለው ዘጉት። እውነቱን እንድናገር በር ከፍተውልኝ እንደነበር ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር በአሥር ሰዓት ምግብ ቤቱ ገና አልተከፈተም። የጓሮው ክፍል ውስጥ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ ነበሩ፤ እያወረድን ተቀመጥን። ድምፅ የሚሰጠው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። አቶ በላቸው ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጥተዋል። ኅብረቱ ውስጥ ምክትል ሰብሳቢ ሊሆኑ ነው የሚባል ወሬ ነበር። ጥግ ላይ ደግሞ ያልጠበቅኳቸው ሴት ተቀምጠዋል፤ እትዬ ሙሉ።

እትዬ ሙሉን ፌርፋክስ የማያውቃቸው የለም። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የሰው አሮጊት ይንከባከባሉ፣ ራሳቸው አሮጊት ሆነው። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ከገባ ስንት ዓመቱ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኙም። ባላቸው ጋሼ ወርቁ መልሱን ሲጠብቁ ሞቱ። የቀበራቸው እድራችን ነው፤ እድሩ ከያዘው መካነ መቃብር ውስጥ ጎናቸው ያለችውን ቦታ ለእትዬ ሙሉ አስይዟል። በየወሩ እዚያ ሄደው የባላቸውን ድንጋይ ጠርገው፣ የራሳቸውንም ሣር ጠርገው ይመለሳሉ። «ቤቴን ላጽዳ ብዬ» ይላሉ፣ እየሳቁ።

በጋሼ ንጉሤ ሥርዓት፣ ወረቀት የሚነካው ሰው መጥቶ የመስማት መብት አለው። ስለዚህ እትዬ ሙሉን ሳይ ምን ሊሰሙ እንደመጡ ማሰብ ጀመርኩ።

ጋሼ ንጉሤ ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጡት። ማስመሪያቸውን ከላዩ አደረጉበት።

«አንባቢያችን፣ ይህ ወረቀት ምን ይለውጣል?» አሉኝ።

«የመዝገብ አያያዝ ነው። ኮምፒውተር ላይ ይሆናል።»

«ማንን ይነካል?»

አቶ በላቸውን አየሁ። ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። «ማንንም» አልኩ።

ጋሼ ንጉሤ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አላጣም። «ገጽ ሠላሳ ስምንትን አውጪ» አሉኝ። «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ። በአማርኛ አድርገሽ ለእትዬ ሙሉ አንብቢላቸው፤ እንግሊዝኛ አይችሉም።»

አወጣሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሳይ ጆሮዬ ጋለ። ጋሼ ንጉሤ ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አደረጉልኝ፤ መዝለል እንኳ አልቻልኩም። እያነበብኩ በአማርኛ ተናገርኩ። እያንዳንዱ እድር የአባላቱን ስም፣ አድራሻና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ለኅብረቱ ይልካል። የመኖሪያ ፈቃድ ያላቀረበ ሰው «ተባባሪ» ተብሎ ይመዘገባል። ተባባሪ በስብሰባ መገኘት ይችላል። ተባባሪ የቀብር አገልግሎትም ሆነ የመቃብር ቦታ አይኖረውም፤ አስቀድሞ የተያዘለትም ቢሆን ለሙሉ አባል ይተላለፋል።

እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ጋሼ ንጉሤ ማስመሪያቸውን አላነሱም።

እትዬ ሙሉ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። «ተባባሪ ማለት እኔ ነኝ?» አሉ።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው። ያነበብሽው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ እትዬ» አልኩ። «እርስዎ ነዎት።»

«ቦታዬ ለማን ነው የሚሰጠው?»

«ለሙሉ አባል» ይላል እንጂ ለየትኛው እንደሆነ ወረቀቱም አይናገርም።

ከዚያ ክፍሉ ተቀጣጠለ። ከፈረሙት አንደኛው «እኔ ያንቺን ማኅተም አምኜ ነው የፈረምኩት» ብሎ ተነሳብኝ። እውነቱን ነው፤ ግን እሱም አላነበበም፣ ያ ደግሞ አናደደኝ። ሌላዋ እንደዚህ ባለ ጊዜ፣ ስደተኛ በኢሚግሬሽን ፖሊስ ከመንገድ እየታፈሰ ባለበት ከተማ፣ ወረቀት የሌላቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ ለማናውቀው ሰው ልንልክ ነበር ወይ ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አቶ በላቸው ዞረ። ማብራሪያቸው ላይ ይህ አንቀጽ ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቋቸው።

አቶ በላቸው መጀመሪያ ለማለሳለስ ሞከሩ። አውሮፓ ያለው ሰው ሁሉ ወረቀት ስላለው ነው እንዲህ የተጻፈው፣ ለእኛ በኋላ ይስተካከላል፣ እምቢ ካልን ኅብረቱ ያስወጣናል አሉ። ጋሼ ንጉሤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ይህን አንቀጽ አይተውት ነበር ወይስ አላዩትም? አቶ በላቸው ዓይናቸውን ላፕቶፑ ላይ ተከሉ። ያን ጊዜ አወቅኩ። አይተውታል።

«ማብራሪያ የሚጻፈው ወረቀቱን ለመረዳት ነው፤ ወረቀቱን ለመሸፈን አይደለም» አሉ ጋሼ ንጉሤ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ማኅተሙ ያንቺ ነው። እኔ ማንሳት አልችልም። አርባ ደቂቃ አለሽ።»

አቶ በላቸው ወንበራቸውን ስበው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሁሉም ግን ይሰማል።

«ሰናይት፣ አፊዳቪትሽን ሳይን ሳደርግ አውቅሽ ነበር?»

«አያውቁኝም ነበር፣ ጋሼ።»

«ፊትሽን እንኳ አይቼ አላውቅም። እናትሽ ደወለች፣ ፈረምኩ። ላንብብ፣ ልመርምር፣ ይቆይ ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ትቀመጪ ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሊነሳ የነበረው እጄ ተመልሶ ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር ይሄው ነበር፤ አንድ ቀን በሰው ፊት ውለታቸውን ቆጥረው እንዳያስታውሱኝ። አፈርኩ፤ ያፈርኩት ግን በእሳቸው ሳይሆን በራሴ ነበር። ጠላኋቸው። የጠላኋቸውም የተናገሩት እውነት ስለሆነ ነው። ሳያዩኝ ፈርመውልኝ፣ ሕይወቴ ተቃንቷል። አሁን ደግሞ እኔ ሳላይ ብፈርምላቸው ምን አለበት?

እትዬ ሙሉን ቀና ብዬ አየሁ። ምሕረት ፈልጌ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው ግን ፊታቸውን መለሱ።

«እኔን አትዪኝ» አሉ። «እኔ አለቅስልሽና በኋላ «አዝናላቸው ነው» ትባያለሽ። ወረቀቱን እዪ።»

ወረቀቱን አየሁ። «ይለፍ» የሚለው ማኅተሜ ትንሽ ጠመም ብሎ ተመትቷል፤ ረቡዕ ከዚያ ሰውዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ስለነበር ነው። የሌላ ሰው የመቃብር ቦታ በአንድ እጄ፣ የመኪና መስታወት ጭቅጭቅ በሌላው እጄ ይዤ ነበር ማለት ነው።

እስክርቢቶ አንስቼ ሰረዝኩት። ከአጠገቡ «ይቆይ» መታሁበት፣ ስሜንና ሰዓቱን ጻፍኩበት። «ጋሼ በላቸው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ውለታዎን የምከፍለው በራሴ ነገር ነው። በእትዬ ሙሉ መሬት አልከፍልም።»

አቶ በላቸው ተነስተው ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዞሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የኅብረቱ ጸሐፊ በየተራ ከተማ መጥራት ጀመረች። እኛ ከካሜራው ውጭ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል። ማንም ሊያስቆማቸው አይችልም ነበር፤ ማኅተም እጅ አይዝም። አንዱ ከተማ «እስማማለሁ» አለ፣ ሌላውም «እስማማለሁ»። ስልሳ አንዱን ገጽ ከመካከላቸው ማን እንዳነበበ እግዜር ይወቀው። የእኛ ተራ ደረሰ።

«ሎስ አንጀለስ?»

አቶ በላቸው ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ጸሐፊዋ ድጋሚ ጠራች። እትዬ ሙሉ በሹክሹክታ የሆነ ጸሎት ጀመሩና አቆሙት። አቶ በላቸው ቀኝ እጃቸውን የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«ወረቀቱ ገና ከኮሚቴያችን እጅ አልወጣም» አሉ። «ድምፅ አልሰጥም።»

ላፕቶፑን ዘጉ። ኮታቸውን አስተካክለው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም» አሉኝና ወጡ። እስካሁን ቃላቸውን ጠብቀዋል።

ደንቡ በሌሎቹ ድምፅ ጸደቀ። ድምፅ ያልሰጠ እድር ግን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠው ስለነበር፣ ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ስልሳ አንዱንም ገጽ በአማርኛ አነበብነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ስድቡ አይነሳ፤ «ኅብረት አፍራሾች» ተባልን፣ «ወረቀት ለቃሚዎች» ተባልን፣ አንዱማ ውለታ ቢስ ብሎ በስሜ ጠራኝ። በመጨረሻ ጉባኤው ዝርዝሩን አንልክም አለ፤ እኛም ከኅብረቱ ወጣን። የእትዬ ሙሉ ቦታ እንደያዙት አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የአፊዳቪቴን ቅጂ ከሻንጣ አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይዤው አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። አንዱ ቦታ ላይ የልደት ዓመቴ ተሳስቶ ተጽፎ ነበር፤ አቶ በላቸው በእስክርቢቶ ሰርዘው አስተካክለውታል። ሌላ ቦታ ደግሞ ያልገባቸውን ቃል ከሥሩ አስምረው በጠርዙ ላይ በአማርኛ ፈትተውታል። ሳያነቡ አልፈረሙልኝም። እሳቸውን የሚያስገድደውን ወረቀት መስመር በመስመር አንብበውታል። ይህን ሳይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ አሁንም በደንብ አላውቀውም። ያደረጉልኝ ነገር ትልቅ ነበር፤ ያንን ትልቅ ነገር ነው በሰው ፊት ያረከሱት።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ስብከት አልወድም፤ ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ሰው ስናከብር ወረቀቱን አናነብም። «አላምንህም» ያልነው እየመሰለን፣ ማንበብን እንደ ስድብ እንቆጥረዋለን። የእድር ደንብ ሲመጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ ሲዞር፣ ወንድማችን ውል ሲያቀርብልን «አንተ ካልከው» ብለን እንፈርማለን። እኔም ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ፈሪ ነበርኩ እንጂ ጨዋ አልነበርኩም። ያከበርኩት ሰው በእኔ ማኅተም አሮጊት ከባሏ ጎን ሊያስነሳ ነበር፤ እኔም ልረዳው ነበር።

እትዬ ሙሉም ይቅር አላሉኝም። አመስጋኝ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር፤ ሞኝነቴ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ያልፋሉ። ባለፈው ወር ግን ፓልምስ ድረስ በአውቶቡስ መጥተው በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ፖስታ አለ። የጥገኝነታቸው ደብዳቤ ነው፤ አልከፈቱትም። ይግቡ ብላቸው የበሩ ደፍ ላይ ቆሙ።

«ሌላ ሰው አጥተው ነው?» አልኳቸው።

«አንቺ የተያዝሽ ነሽ» አሉኝ። «ያልተያዘ ሰው አላምንም።»

ከፍቼ አነበብኩላቸው፤ ከላይኛው የማመልከቻ ቁጥር ጀምሬ፣ ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን ሳይቀር። ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል። ቀኑን ነገርኳቸው፣ ቦታውን ነገርኳቸው፣ ይዘው የሚቀርቡትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ፊታቸውን አየሁ። እሳቸው የሚያዩት ወረቀቱን ነበር።

«እንደገና» አሉ።

እኔም ከላይኛው ቁጥር ጀመርኩ።